ማራኪና ምርኮኛ፦ የጌም መኳንንትን ጠባይ በበጌምድር መሳፍንት ማንበብ

ባነርሎርድ በተባለው ጌም ውጊያውን ካሸነፋችሁ በኋላ የተሸነፈው መኮንን እፊታችሁ ይቀርባል። ሠራዊቱ ተበትኗል፤ ከፈረሱም ወርዷል። ውሳኔው የእናንተ ነው። ምሕረት አድርጋችሁ ልትለቁት ትችላላችሁ። ማርካችሁ ልትወስዱትም ትችላላችሁ፤ ከወሰዳችሁት በኋላ ደግሞ አንገቱን እስከማስቀላት ድረስ ሥልጣን አላችሁ። ጀማሪ ተጫዋች በዚህ ሰዓት የሚያሰላው ገንዘቡን ነው፤ ለማስፈቻ ስንት ይገኝበታል? የበሰለው ተጫዋች ግን መጀመሪያ ሰውየውን ያያል። ይህ መኮንን ውለታ ይዞ የሚኖር ነው ወይስ ቂም? ዛሬ ብለቀው ለከርሞ ወዳጄ ይሆናል ወይስ ጦር ሰብቆ ይመጣብኛል?

በየካቲት 1834 ዓ.ም. ይኸው ጥያቄ ደብረ ታቦር ላይ በእውነተኛ ሰዎች መካከል ተነሥቶ ነበር። ማራኪው የበጌምድሩ ራስ ዓሊ፣ ምርኮኛው የሰሜንና የትግሬው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ወደዚያ ቀን ከመሄዳችን በፊት ጌሙ የሰውን ጠባይ በምን እንደሚለካ እንይ። በዚህ ምዕራፍ ማሳየት የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ የአንድን መኮንን ጠባይ ስለ እሱ ከተጻፈው ይልቅ እጁ ላይ ከወደቀው ሰው ጋር ከሚያደርገው ነገር፣ እሱ ራሱም በሰው እጅ ሲወድቅ ከሚሆነው ነገር ማወቅ ይቻላል። በጌሙም እንደዚያው ነው፤ በታሪካችንም እንደዚያው።

የጌሙ ሠሪ አንካራ ከተማ የሚገኘው ቴልወርልድስ የተባለ የቱርክ ድርጅት ነው። ባነርሎርድ ያለበት ተከታታይ ጌም የመጀመሪያው፣ ማውንት ኤንድ ብሌድ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ዋርባንድ በ2010 ተከተለው፤ ባነርሎርድ ደግሞ በ2020 ለሙከራ ተለቆ በጥቅምት 2022 ሙሉ ሆኖ ቀረበ። አገሩ ካልራዲያ ይባላል፤ በካርታ ላይ የሌለ፣ የተፈጠረ አህጉር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አሬኒኮስ ተገድሏል፤ ዙፋኑን ሦስት ወገኖች ይሻሙበታል፤ ከሦስቱ የአንደኛው መሪ የሟቹ ሚስት ራጋያ ናት። በዙሪያው ያሉት ነገሥታትና ነገዶች ደግሞ የተከፋፈለውን ግዛት ከየአቅጣጫው ይቆርሱታል። የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ ለሰማ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ዘንድ ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ተቀምጦ ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ የነበረበት፣ ከ80 ዓመት በላይ የቆየ ዘመን ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሆነው እንደራሴ መቀመጫም ደብረ ታቦር ነበረች።

በበጌምድር ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በዚያ ዘመን መካከል ላይ የወደቁ አገሮች ናቸው። እንደራሴ ሆነው ደብረ ታቦር የተቀመጡት ራሶች የየጁ ሰዎች ነበሩ፤ ዘመድ ወገናቸው በምሥራቅ፣ መቀመጫቸው በምዕራብ ነበረ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጉናን አልፎ፣ በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጨጨሆ የሚወጣው መንገድ የእነሱ የዘወትር መንገድ ነው። እስቴ ወደ ጎጃም ፊቱን ያዞረ ነው፤ ስማዳ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ ከየትኛውም ወገን ጦር ሲንቀሳቀስ የዚህ አገር ገበሬ ያየዋል፤ አይቶም ያበላዋል። የጌቶችን ጠባይ ለይቶ ማወቅ ለእሱ የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም።

ባነርሎርድ እያንዳንዱን መኮንን በአምስት ሚዛን ያስቀምጠዋል። ርኅራኄ፣ ጀግንነት፣ ክብር፣ ልግስናና አስተዋይ ስሌት ናቸው። እያንዳንዱ ሚዛን ከዜሮ በታች እስከ 2፣ ከዜሮ በላይ እስከ 2 ይደርሳል። በርኅራኄ ሚዛን ታች ያለው ሰው በሰው ሥቃይ የሚደሰት ነው፤ ላይ ያለው ለጠላቱም የሚያዝን ነው። በክብር ሚዛን ታች ያለው ቃል ሰጥቶ የሚያጥፍ፣ ላይ ያለው ሞት ቢመጣም ቃሉን የማይለውጥ። በስሌት ሚዛን ታች የሚገኘው ግልፍተኛው ነው። አብዛኛው መኮንን በብዙዎቹ ሚዛኖች ዜሮ ላይ ይቀመጥና በአንድ ወይም በሁለት ብቻ ጎልቶ ይታያል፤ የእውነተኛ ሰውም ነገር እንዲሁ ይመስለኛል።

አንዱን ሚዛን ለብቻው ማየት ብዙ አያስተምርም። ደፋርነት ከስሌት ጋር ሲገናኝ አደገኛ የጦር አበጋዝ ይወጣዋል፤ ከግልፍተኝነት ጋር ሲገናኝ ግን ሠራዊቱን በማይሆን ቦታ የሚያስጨርስ ሰው ይሆናል። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው ቸርና ከዳተኛ የሆነውን ነው። እጁ ሰፊ ስለሆነ ሰው ይከበዋል፤ የሚሰጠው ቃል ግን እስከሚጠቅመው ቀን ድረስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን መኮንን ወዳጅ ያደረገ ተጫዋች ምሽጉን ተነጥቆ ነው የሚነቃው።

በቀደመው ዋርባንድ ውስጥ ሚዛን አልነበረም፤ መኳንንቱ በሰባት ዓይነት ጠባይ ተከፍለው ነበር። ወታደርነትን ከሁሉ የሚያስቀድም ነበረ፤ ነገረኛ ነበረ፤ ራሱን ብቻ ትክክል አድርጎ የሚያይ ልበ ደንዳና፣ ተንኮለኛ፣ ብልሹ፣ ገራም፣ ጨዋ ነበሩ። እነዚህ ስሞች ሰውየው ግንባር ላይ ተለጥፈው አይታዩም። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ አነጋገር አለው፤ ሰላምታ ሲመልስ፣ ስለ ንጉሡ ሲጠየቅ፣ ሲሸነፍ የሚናገረው ይለያያል። ባነርሎርድ ይህን አሠራር ትቶ ጠባዩን በመዝገብ ላይ ማስፈሩ ነገሩን ቀላል አድርጎታል፤ እኔ ግን የድሮው ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ተጫዋቹን ጆሮውን እንዲከፍት ያስገድደው ነበርና። የጋይንት ገበሬ ስለ ጌታው የሚያነበው መዝገብ አልነበረውም። ጌታው በችሎት ሲቀመጥ እንዴት እንደሚፈርድ፣ በግብር ላይ ለማን እንደሚቆርስ፣ ወታደሩ የድሃ በሬ ሲያርድ ምን እንደሚል እያየ ነበር የሚያውቀው።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ደጃዝማች ውቤ ሰሜንን ይዘው ትግሬን የጨመሩት ተራ በተራ፣ በትዕግሥት ነው። በራስ ዓሊ ላይ ሲነሡም ብቻቸውን አልመጡም። በዚያው ሰሞን ከግብፅ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አሰልፈዋል፤ የጎጃሙን የደጃዝማች ጎሹን ልጅ ብሩንም አሳምነዋል። የማሳመኛው ቃል የዓሊ ሃይማኖት ነበር። ራሱ የእስላም ዘመድ የበዛባቸው፣ በክርስትናቸው የሚታሙ ሰው ናቸው ተብሎ ተወራ። እንዲህ ያለው አካሄድ በባነርሎርድ ስሌት 2 ላይ የሚቀመጥ ሰው ሥራ ነው፤ ከውጊያው በፊት ባለጋራውን ከሰው መነጠል።

ውጊያው ተደረገ፤ ድሉም የውቤ ሆነ። ራስ ዓሊ ሸሹ። የአሸናፊው ሠፈር ድንኳኑን ተክሎ ደስታውን ጀመረ፤ ፉካሪው ይፎክራል፣ ጠጁ ይቀዳል። ከተሸናፊዎቹ መኳንንት አንዱ ግን ርቀው አልሄዱም ነበር። የዓሊ ዘመድ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ የቀራቸውን ሰው ይዘው ተመለሱና በድግሱ መካከል ደረሱ። ድል አድራጊው ውቤ በገዛ ድንኳናቸው ተያዙ፤ ጳጳሱም አብረው ተያዙ። ጠዋት የተሸነፉት ዓሊ ራሳቸው ባልተገኙበት ውጊያ አሸናፊ ሆኑ።

በአምስቱ ሚዛን ስናየው ሦስቱ ሰዎች ፍንትው ብለው ይለያሉ። ብሩ አሊጋዝ ደፋር ናቸው፤ ጌታቸው ከሸሸ በኋላ ተመልሶ መግባት የጀግንነት ሚዛን ጫፍ ነው። ውቤ ለዓመታት ያሰሉ ሰው ናቸው፤ በአንዲት ምሽት ግን ዘበኛ ማቆም ቀረባቸው። ጌሙ ይህን አይችልም፤ በጌሙ አስሊ የሆነ ሰው ሁልጊዜ አስሊ ነው። ሦስተኛው ዓሊ ናቸው። በልጅነታቸው ለሥልጣን የበቁ፣ ከችሎት ይልቅ የፈረስ ጨዋታ የሚወዱ፣ ለዘብተኛ ሰው እንደነበሩ በብዙዎች ተጽፏል። መንግሥታቸውን ሊነጥቋቸው የመጡትን ሰው እጃቸው አስገብተው ምን አደረጉ? ለቀቋቸው። የማስፈቻ ገንዘብ ነበረበት፤ የጳጳሱም ነገር ነበረበት። ይሁን እንጂ በእሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ውቤ ከእስር ይወጣሉ ብዬ አላስብም።

ተጫዋቹ የሚጠይቀው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ምሕረቱ አዋጣ ወይስ አላዋጣም? ውቤ ወደ ግዛታቸው ተመልሰው ጉልበታቸውን አደሱ፤ የዓሊ ታማኝ አሽከር አልሆኑም። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዓሊ ሞኝ ነበሩ ይላል። ነገር ግን ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1845 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ አጼ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ዓሊን ሲያስጨንቁ በጎርጎራ ብጭኝ ከዓሊ መኳንንት ጋር ከተሰለፉት መካከል ውቤ የላኳቸው ደጃዝማቾች ነበሩ። በዚያው ቀን ከወደቁት አንዱ ውቤን ማርከው የነበሩት ብሩ አሊጋዝ ናቸው። ውቤ ጦር የላኩት ውለታ ቆጥረው ነው ወይስ ካሣን ፈርተው? ሁለቱም ይመስለኛል። ባነርሎርድም መኮንን ብትለቁ ሎሌያችሁ አይሆንም፤ በመካከላችሁ ያለው የወዳጅነት ቁጥር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ያ ቁጥር የሚሠራው ደግሞ ሌላ ምክንያት አብሮት ሲመጣ ነው። ምሕረትን እንደ ግዢ የሚቆጥር ተጫዋች በዚህ ያዝናል፤ ባያዝን ይሻለዋል።

ጠባይን የማወቅ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው አንድን መኮንን ንጉሡን ትቶ ወደ እናንተ እንዲመጣ ስታባብሉ ነው። ጌሙ ለዚህ የተለየ ንግግር አዘጋጅቷል። ብዙ የምትሉት ነገር ይቀርብላችኋል፤ አንዱ ጥቅሙን ያሳያል፣ አንዱ ንጉሡ ቃሉን እንዳጠፈ ያስታውሳል፣ ሌላው ስለ ሕዝቡ ሰላም ያወራል። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው የሰሚው ጠባይ ነው። ለአስሊው ስለ ክብር ብትሰብኩት ጊዜያችሁን ትጨርሳላችሁ። ቃሉን ለሚያከብረው ደግሞ ገንዘብ ስትጠሩለት ጭራሽ ይዘጋባችኋል፤ ጥቂት ቃል ከተበላሸ ንግግሩ ያልቃል፤ በማግሥቱም አይደገምም። ውቤ ብሩ ጎሹን ሲያባብሉ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ብሩ አባታቸው ደጃዝማች ጎሹ ካሉበት ወገን ተለይተው መቆም የማይከብዳቸው ሰው ነበሩ፤ ለእንደዚህ ያለው ሰው የሚቀርበው ቃል ለአባቱ ከሚቀርበው ይለያል።

ሌላው መፈተኛ መሬት ነው። በጌሙ አንድ ምሽግ ወይም ከተማ ሲያዝ ለማን ይሰጥ የሚለው የነገዶቹ አለቆች ድምፅ የሚሰጡበት ጉዳይ ነው። የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው፤ የተነፈገው ግን ልቡ ይሻክራል። በዋርባንድ ነገረኛው መኮንን ለሌላ የተሰጠውን ርስት ሁሉ ከእሱ እንደተወሰደ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋች የሚሳሳተው መሬቱን ለጀግናው በመስጠት ነው። መሰጠት ያለበት፣ ቢነፈግ ለሚሸፍተው ነው ወይስ ቢሰጠውም ባይሰጠውም ለሚያገለግለው? ሁለተኛውን ብትነፍጉ ጨዋ ሰው አስቀየማችሁ፤ የመጀመሪያውን ብትነፍጉ ጦር አስነሣችሁ። ራስ ዓሊ ይህን ሒሳብ በ1845 ዓ.ም. ሠርተው ተሳሳቱ። የካሣን ግዛት ለደጃዝማች ጎሹ ሰጡና ሄደህ ውሰድ አሏቸው። በኅዳር ወር ጉር አምባ ላይ ጎሹ ወደቁ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ራሳቸው ዓሊ አይሻል ላይ ተሸነፉ፤ የየጁ ራሶች ዘመን በዚያ አበቃ።

ካሣን በአምስቱ ሚዛን ላስቀምጥ ስሞክር ግን ሚዛኖቹ አይበቁኝም። በ1830ዎቹ መጨረሻ የዓሊ እናት እቴጌ መነን የላኳቸው ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ፎክረው ነበር። ተያዙ። ካሣ አልገደሏቸውም፤ ኮሶ አጠጧቸው፤ እናቴ ለገበያ ያወጣችው ሳይሸጥ ቀርቶ ነው፣ ብለዋቸው እንደነበር ይተረካል። ይህን ጭካኔ ልለው እችላለሁ፤ ግን ጭካኔ ብቻ አይደለም። የተነካው ስማቸው ነው፤ የከፈሉትም በዚያው በተነኩበት ነገር ነው። ባነርሎርድ የኩራት ሚዛን የለውም፤ የቂምም ሚዛን የለውም። በበጌምድር ግን ሰው መሬቱ ተወስዶበት የታረቀ፣ ተሰድቦ ያልታረቀ ብዙ ነው። በዚህ በኩል ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ድርጅት የሠራው ክሩሴደር ኪንግስ 3 የተሻለ ነው። እዚያ ትዕቢተኛና ትሑት፣ ቂመኛና ይቅር ባይ፣ ቅንና ተጠራጣሪ የሚባሉ ጠባዮች አሉ፤ አንድ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሦስቱን ይይዛል። ካርታውም የእኛን ደጋ ይጨምራል።

እዚህ ጌም ላይ እጅግ ያስደነቀኝ የጭንቀት አሠራሩ ነው። ገዢው ከጠባዩ ውጭ የሆነ ነገር ሲያደርግ ጭንቀቱ ይጨምራል። ሩኅሩኅ ሰው እስረኛ ሲያስገድል፣ ሐቀኛ ሰው ሲዋሽ ነፍሱ ትከብዳለች። የሚወዳት ሚስቱ ወይም የልብ ወዳጁ ሲሞት ጭንቀቱ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ጭንቀቱ ሲሞላ ደግሞ ሰውየው መጠጥ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ይጨክናል፣ ወይም ራሱን መግረፍ ይጀምራል። ጠባዩ ይለወጣል ማለት ነው።

አጼ ቴዎድሮስን የማነባቸው በዚህ ነው። ማራኪ ሆነው ያደረጉትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ ስናየው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ወንድይራድን ኮሶ አጠጡ። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ማርከው በማስፈቻ ለቀቁ። ከነገሡ በኋላ በ1848 ዓ.ም. ከሸዋ የወሰዱትን ልጅ ምኒልክን እንደ ልጅ አሳደጉ፤ የራሳቸውን ልጅ አልጣሽንም ዳሩለት። በዚህ ጊዜ ያሉት ካሣ አስሊ፣ ደፋርና ቸር ናቸው። ከዚያ በ1850 ዓ.ም. ሚስታቸው ተዋበች ሞቱ። የዓሊ ልጅ ነበሩ፤ ከአባታቸው ይልቅ ከባላቸው ጎን የቆሙ ሴት። ከሁለት ዓመት በኋላ ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ፕላውደን ተገደለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላው እንግሊዛዊ ወዳጃቸው ቤል ሕይወታቸውን ሲያድን ወደቀ። ለሁለቱ ሞት በተወሰደው በቀል የተያዙ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር ከነበሩት ምርኮኞች ብዙዎቹ ወደ ገደል ተወረወሩ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የርኅራኄ ሚዛን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ማየት ነው። በባነርሎርድ የተጫዋቹ የራሱ ጠባይ በሥራው ይለወጣል፤ የሌሎቹ መኳንንት ግን እንደተሠሩ ይኖራሉ። ትልቁ ጉድለቱ ይህ ይመስለኛል፤ ሐዘን የማይለውጠው ጌታ የለምና።

ሁለተኛውን ጉድለት የሚያሳየኝ ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የበጌምድር ገዢ፣ የመጽሐፍ ወዳጅ፣ ገጣሚ፣ ጸሎተኛ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ ከእሳቸው እንዲለዩ ተደረገ። ጉግሣ በጌምድር ቀሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ሥልጣኑ በየዓመቱ ወደ ተፈሪ መኰንን ይሄድ ነበር፤ በመስከረም 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በ1922 ዓ.ም. ጉግሣ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ዘመቱ። መንግሥት የጦር ሚኒስትሩን ሙሉጌታ ይገዙን ላከባቸው። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ሜዳ ላይ ሠራዊቱ ለውጊያ ሲሰለፍ ከሰማይ አውሮፕላን መጣ። መጀመሪያ የጣለው ወረቀት ነው፤ በንጉሡ ላይ የሚነሣ ሁሉ የተወገዘ ነው የሚል። ከዚያ ቦምቡ ተከተለ። ከዚያ በፊት በአገራችን ጦርነት ላይ አውሮፕላን እንዲህ ታይቶ አይታወቅም። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ተገደሉ፤ ንግሥቲቱም መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ።

ይህን ሰው በክብር ሚዛን የት ላድርጋቸው? በመንግሥት በኩል ያየ ከዳተኛ ይላቸዋል፤ ከዜሮ በታች 2። በእሳቸው በኩል ያየ ደግሞ ከንግሥታቸው፣ ከሚስታቸው ወገን የቆሙ፣ ለቃላቸው የሞቱ ሰው ያደርጋቸዋል፤ ከዜሮ በላይ 2። ጌሙ ክብርን አንድ ቁጥር አድርጎ ይሰጠዋል፤ ለማን የሚለውን ግን አይጠይቅም። መኮንን አንድ መሐላ ብቻ የለበትም። ለንጉሡ፣ ለጋብቻው፣ ለዘመዱ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ላበላው አሽከር፣ ለእያንዳንዱ ቃል አለበት፤ የክብር ፈተናውም እነዚህ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው የሚመጣው። እርግጥ ነው፣ ያችን ወረቀት ከመሬት አንሥቶ ያስነበበ ወታደር ከጌታው ቃልና ከውግዘቱ መካከል መምረጥ ነበረበት፤ ጥለው የሄዱም ነበሩ። እነሱንም ቢሆን ከዳተኛ ለማለት አልደፍርም።

ስለዚህ በጌሙ አንድን መኮንን ለማወቅ ስትፈልጉ መዝገቡን አይታችሁ አታቁሙ። ማን አገባ? እናቱ ማን ናት? ከየትኛው ነገድ ጋር ተዋልዷል? ራስ ዓሊን ያለ እናታቸው ያለ መነን የሚያነብ ሰው አያገኛቸውም፤ ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥቱን አግብተው እቴጌ የተባሉት፣ የዓሊን ሥልጣን ገና ልጅ ሳሉ የጠበቁት፣ ጦር መርተው በፈረስ የወጡት እሳቸው ናቸው። ካሣ ያገቡት የዓሊን ልጅ መሆኑም ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን መንደሩን ተመልከቱ። ባነርሎርድ ውስጥ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ሽማግሌዎችና ባላባቶች አሉት፤ እነሱም እንደ መኳንንቱ ጠባይ አላቸው። ወታደር የምትመለምሉት ከእነሱ ነው። ወዳጅ ከሆናችሁ ጥሩ ጥሩውን ልጅ ይሰጧችኋል፤ መንደራቸውን ካቃጠላችሁ በራቸውን ይዘጉባችኋል። ተጫዋቹ የጭካኔን ዋጋ መጀመሪያ የሚያየው በዚህ ነው፤ ስሙ ስለጠፋ ሳይሆን ሠራዊቱ እየሳሳ ስለሚሄድ።

ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ የበጌምድርንም ገበሬ ዘረፉ፤ አገሩ ሸፈተ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ ጋፋት በተባለ ቦታ ያሠሩትን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ነበር። መንገድ አልነበረም፤ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ እያስፈነቀሉ መንገዱን አወጡት። ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። የጋይንትን ደጋ ያቋረጠው ሠራዊት ከጥቂት ዓመታት በፊት ሸዋና ወሎን ካስገበረው ሠራዊት ጋር አይወዳደርም ነበር፤ አብዛኛው ከድቷል፣ በቦታው የሚተካ ልጅ ደግሞ ከየመንደሩ አልመጣም። መድፉ መቅደላ ደረሰ።